ለሟቹ ባሌ ጫማ ስለተደረገው ደግነት ሁሉ

ለተከበራችሁ፣ በጸሎት ለምትተጉ፣ ሳትጠሩም ለምትደርሱ፣ የምሕረት ጅረት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሐዘንተኞች አገልግሎት ኮሚቴ አባላት በሙሉ፤ በተለይም ለሰብሳቢው ለጋሼ ዘሪሁን፤

ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ እያልኩ፣ የጋሼ ዘሪሁን ጉልበት እንዲጠናላቸው፣ የእትዬ ውብነሽ ስኳር ልኩን እንዲይዝላቸው፣ የጋሼ ክፍሉ ብርቱ እጆችም ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከሥራ እንዲያርፉ ከልብ እመኛለሁ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ እንደ ደንቡ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ባሌም ጎድሏል፣ ጫማውም ጎድሏል፣ እናንተን ደግሞ በየሳምንቱ ስለማያችሁ ናፍቆቱ እምብዛም አልጠናብኝም።

ገመናን አደባባይ ማውጣት ነውር ነው እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በየሬስቶራንቱና በየሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ስታዩትም ታዝኑብኛላችሁ። ሆኖም በስውር የጠየቅኳችሁን ሁሉ በስውር ስለመለሳችሁልኝ፣ ማለትም ስላልመለሳችሁልኝ፣ እስቲ በግልጽ ልሞክር ብዬ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች ሠናይት እባላለሁ፤ ባለፈው ኅዳር ባሌ ንጋቱ ፓሳዴና ባለው መሥሪያ ቤቱ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆሞ የሞተብኝ ሴት ነኝ።

የሚገባችሁን ምስጋና ላስቀድም። ንጋቱ በሞተ ማግስት ቤቴ የገባችሁት እናንተ ናችሁ። ሶፋውን ወደ ጓሮ አውጥታችሁ ፍራሽ ዘረጋችሁልኝ፤ ምስሩንም አልጫውንም ተሸክማችሁ መጣችሁ፤ አልበላም ስል አጉርሳችሁኛል፤ ስጮህ ይዛችሁኛል፤ መጮህ ሲያቅተኝ ደግሞ ስለ እኔ ጮኻችሁልኛል። ይህን የሚክድ ልብ የለኝም። ከጠላት የመጣ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቃል ተናግሬ እገላገለው ነበር፤ ከእናንተ በመምጣቱ ግን ይኸው ደብዳቤ ማስረዘም ግድ ሆኖብኛል።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና ከጫማው ልነሣ። ንጋቱ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ እንጨት አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ እንደሚወድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሑድ በቀረ ቁጥር ስሙን እየጠራችሁ ትጸልዩለት ነበርና። የማታውቁት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ነው። ቴሌማርክ ይባላል። በተለመደው ስኪ የጫማው ፊትም ተረከዝም ይቆለፋል፤ በቴሌማርክ የሚታሰረው ፊቱ ብቻ ሲሆን ተረከዙ ነጻ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው መዞር ሲፈልግ አንዱን እግር ወደ ኋላ ስቦ፣ ተረከዙን አንሥቶ፣ በአንድ ጉልበቱ ሊንበረከክ እንደተቃረበ ሰው ዝቅ ይላል። ጋሼ ዘሪሁን አንድ ጊዜ የጌታን ቀን በበረዶ ለወጥከው ብለው ሲቆጡት፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቁልቁለቱን ሁሉ ተንበርክኬ ነው የምወርደው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጸልዩትስ እርስዎ ነዎት» ብሎ እንደመለሰላቸውና ጋሼም ሰላምታ ነፍገውት እንደከረሙ የሚረሳ የለም።

ታዲያ ይህ ጨዋታ የሚቆመው ጫማውና እንጨቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ሲስማሙ ነው። የንጋቱ ጫማ የድሮው ዓይነት ነበር። ከጣቶቹ ፊት ሶሉ ጠፍጠፍ ብሎ እንደ ዳክዬ አፍ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስሙም የዳክዬ አፍ ነው። ያ አፍ የማሰሪያው ብረት ውስጥ ይሰካል፤ ከኋላ ደግሞ ሞላ ያለው ኬብል ተረከዙን አቅፎ ወደ ፊት ይገፋዋል። አዲሶቹ ጫማዎች ይህ አፍ የላቸውም፤ የሚያዙት ከእግር መካከል ሥር ባለ ሌላ ጥርስ ነው። ስለዚህ አዲሱ ጫማ ለድሮው ማሰሪያ ባዳ ነው፤ ሁለቱም ቴሌማርክ ይባላሉ፣ ግን አይጋቡም።

ጫማው ደግሞ ከሁለት የተሠራ ነው። ከውጭ ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት አለ፤ ከውስጥ ተስቦ የሚወጣ ለስላሳ የውስጥ ጫማ አለ። የውስጡ ስፖንጅ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ሱቅ ውስጥ ያሞቁትና ባለቤቱ ቆሞበት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ወዲያ የእግሩን ቅርፅ ይዞ ይኖራል። ንጋቱ ልጅ ሳለ ኳስ ሲጫወት የሰበረው፣ ጠሞ የዳነ አጥንት ከቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት አጠገብ ነበረው። ያ አጥንት ሳይቀር ስፖንጁ ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ ሠርቶ ነበር። እኔ እጄን አስገብቼ ዳስሼው አውቃለሁ፤ ልጄ ሮሐ ግን በእግሯ ነው የምታውቀው።

ሮሐን የሰንበት ትምህርት አስተምራችኋታል። እዚህ ተወልዳ፣ ገና ጫማዋን ማሰር ሳታውቅ አባቷ ጀርባው ላይ አዝሎ ተራራ ያወጣት ልጅ ናት። ቁመቷ እሱ ላይ ሲደርስ እግሯም ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲህ የራሷን ጫማ ትታ የእሱን እየሰረቀች መልበስ ልማዷ ሆነ፤ ባዶ እግሩን የቀረው ንጋቱም መኪና ውስጥ ተቀምጦ እያያት ይስቅ ነበር። በለቅሶው ሰሞን አላለቀሰችም። እትዬ ውብነሽ ፍራሹ ላይ ሆነው «ይቺ ልጅ እንባ አልሠራላትም እንዴ?» ሲሉ እሷም ሰምታለች፣ እኔም ሰምቻለሁ። ወደ ጓዳ ጠርቼ ስጠይቃት «እማ፣ እዚህ አይመጣልኝም፤ ሰው ሁሉ ዎች እያደረገኝ ነው። ስኖው ሲጥል የአባን ስኪ አደርጋለሁ፣ የአባን ቡት አደርጋለሁ፣ እዛ ወጥቼ አለቅሳለሁ። ኦኬ?» አለችኝ። እኔም ኦኬ አልኳት። እናት ስለሆንኩ በረዶ እንዲጥል ጸለይኩ፤ ከዚያ በፊት በሕይወቴ ለበረዶ ጸልዬ አላውቅም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። እኔን ገላሽን ታጠቢና ትንሽ ተኚ ብላችሁ እትዬ ውብነሽ ቤት ወስዳችሁ ባስተኛችሁኝ ቀን፣ የሟች ዕቃ ካልወጣ ሐዘን አይወጣም በሚለው ደንባችሁ መሠረት ቁም ሣጥኑን ባዶ አደረጋችሁልኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ ጋራዡንም አልማራችሁትም። ስመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ሸሚዞቹ፣ ካፖርቱ፣ ጫማዎቹ በሙሉ ለተቸገሩ ወንድሞች ሄደው ነበር። ሁለቱን የስኪ እንጨቶች ግን ጋሼ ዘሪሁን አገላብጠው አይተው «ይሄ ለመደርደሪያ ይሆናታል» በማለታቸው ጥግ አስደግፋችሁ ትታችሁልኛል። ስለዚህ ጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መደርደሪያ እንደሌለኝ እንዴት አወቃችሁ?

ሁለተኛ። በረዶ ጣለ ተብሎ ሮሐ ጋራዥ ስትገባ ጫማው የለም። ደወልኩላችሁ። ለማን እንደሰጣችሁት ብትነግሩኝ ሄጄ እለምነዋለሁ፣ በምትኩም ሌላ የሚሞቅ ጫማ እሰጠዋለሁ አልኩ። ጋሼ ዘሪሁን ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ ተብሎ ተጽፏልና በስውር የተሰጠ ምጽዋት አይገለጥም፣ ደግሞስ «ጫማ ጫማ ነው እኮ እህቴ፤ ልጅቷ ኦንላይን ሌላ ኦርደር ታድርግ» አሉኝ። ቃሉን በዚህ ልክ የሚጠብቅ ኮሚቴ በዚህ ከተማ መገኘቱ ያኮራል። የኮሚቴው ግራ እጅ አለማወቁን እቀበላለሁ፤ ቀኙም አለማወቁን ግን በኋላ ነው የተረዳሁት።

ጫማ ጫማ ነው ስላላችሁኝ ኦርደር አደረግን። የመጀመሪያው አዲስና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ የዳክዬ አፍ ስላልነበረው ፊቱ ማሰሪያው ውስጥ ገብቶ የሚይዘው አጥቶ ወጣ። ሮሐ ደጋግማ ገፋችው፤ እኔም ካልገባኝ ሳይንስ ላይ ቆሜ ጠንከር አድርገሽ ግፊው እያልኩ መከርኳት። ሁለተኛው ያገለገለ ነበር፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ሌላ ስላልተገኘ ወሰድነው። ይሄኛው አፍ ነበረው፤ ፊቱም ልክ ገባ፤ ደስ ብሎን ሳንጨርስ ግን ሶሉ ከንጋቱ ጫማ አጠር ስለሚል ኬብሉ ላላ። ኬብሉን ማሳጠር እንደሚቻል በቪዲዮ አየን፤ አሳጠርነው፤ ሞላው ጠበቀ፤ ኬብሉም ተረከዙን አቀፈ። ሮሐ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቆማ፣ አባቷ እንደሚያደርገው ጉልበቷን ልታጥፍ ዝቅ ስትል፣ ያረጀው የዳክዬ አፍ ጎንና ጎኑ ተበልቶ ኖሮ ከብረቱ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ እሷም በግንባሯ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። በረዶ ላይ ቢሆን ኖሮ ፍራሹን ዳግመኛ ትዘረጉልኝ ነበር።

ፓሳዴና ውስጥ እንዲህ ያለ የድሮ ዕቃ የሚጠግን ሱቅ አለና እንጨቶቹን ይዘን ሄድን። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፤ እንጨቶቹን እያየ የድሮውን ማሰሪያ ነቅሎ ለአዲሱ ጫማ የሚሆን ማሰሪያ ሊገጥምልን እንደሚችል ነገረን። ነገሩ ሁሉ በዚያው ይፈታ ነበር። ሮሐ ግን እምቢ አለች። ማሰሪያውን በመሰርሰሪያ የገጠመው አባቷ ነው፤ እሷም ብሎኖቹን እያቀበለች አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። የሚስማማ ነገር አላጣንም፣ ጋሼ ዘሪሁን። ያጣነው የሱን ነው።

ሦስተኛ። ጫማው በመጨረሻ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያመጣው ኮሚቴው አይደለም፤ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣና ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር የሚኖር አንዋር የሚባል ወጣት ነው። ፌርፋክስ ላይ አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ጫማ ትፈልጋለች ሲባል ሰምቶ በአውቶቡስ ሲመጣ በራፌ ላይ ቆሞ ማፈሩን ብታዩት ታዝኑለት ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፤ «አንድ ቀን አድርጌው ባስ ስቶፕ ድረስ ሄጄ እግሬን ላጠኝ። ግን የሙት ሰው ጫማ በእምነት ተሰጥቶኝ እንዴት እጥለዋለሁ ብዬ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።» የእናንተ ሃይማኖት ተከታይ ያልሆነው ይህ ልጅ አደራን እንዴት እንደሚጠብቅ በቀጣዩ ስብሰባችሁ ንግግር እንዲያደርግ ብትጋብዙት መልካም ነበር።

ጫማውን ከፌስታሉ ሳወጣው ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። ግን ፊቱ የለም። የዳክዬው አፍ በሁለቱም ጫማ ላይ ከሥሩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት ተፈቅፍቆ ለስልሷል። አንዋር እንዲሁ ነው የተሰጠኝ ብሎ ማለልኝ። ጋርዴና ለሚኖሩት ለጋሼ ክፍሉ ስደውል ምንም አልደበቁኝም፤ እንዲያውም ምስጋና የጠበቁ ይመስሉ ነበር። «ልጄ፣ ፊቱ ላይ ትርፍ ሶል ወጥቶበት ነበር። ፋብሪካው ሳይጨርሰው የላከው ነው መሰለኝ። ሰው እንዳይደናቀፍበት ብዬ በመጋዝ ቆረጥኩት፣ ጥሩ አድርጌ ፊኒሽ አደረግኩት» አሉኝ። የተቆረጠውስ የታለ ብላቸው ትራሽ እንደወጣ ነገሩኝ። ጋሼ ክፍሉ፣ ሥራዎ በእውነት ንጹሕ ነው። ባለሱቁ ራሱ ቆራጩ ባለሙያ መሆን አለበት ብሏል፤ ከዚያም በሙጫ ቢለጠፍ ይገነጠላል፣ ይህን አስሬ የሰው ልጅ ቁልቁለት አልልክም ብሎ ጫማውን መለሰልኝ።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ብጨርስ እናንተም ትገላገሉ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ተስፋ ተገኘ። ባለሱቁ መጋዘኑን ሲፈትሽ የንጋቱን ዓይነት፣ በዚያው ልክ የሆነ፣ የዳክዬ አፉ ምንም ያልተበላ ቅርፊት አገኘ፤ የውስጥ ጫማው ሻግቶ ስለተጣለ ባዶውን የተቀመጠ ነው። የአባትሽን የውስጥ ጫማ አውጥተን እዚህ ውስጥ እንከተዋለን አላት። ሮሐ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ጫማው ከተመለሰ ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት እግሯን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አባቷ ጫማ አላስገባችም፤ ተራራው ላይ ነው የምገባበት ብላ ቆጥባው ነበር። ባለሱቁ የውስጡን ጫማ ስቦ አወጣው፣ ወደ አዲሱ ቅርፊት ከተተው፣ ማሰሪያው ላይ ገጠመው። የዳክዬው አፍ ልክ ገባ። ኬብሉ ልክ ሆነ። ሞላው ጠበቀ፣ ኬብሉ ጠቅ ብሎ ተረከዙን አቀፈ። ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ተስማማ። እግርሽን ሞክሪው አላት።

አራተኛ፤ የመጨረሻውም ይኸው ነው። እትዬ ውብነሽ፣ የሞተ ሰው ላብ ለሕያው አይሰጥም ብለው፣ ጫማው ለአንዋር ከመሰጠቱ በፊት የውስጡን ጫማ በሙቅ ውኃ አጥበው፣ ጥሩ መዓዛ ያለው ማለስለሻ ጨምረውበት፣ እንዳይበሰብስ ብለው ድራየር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አድርቀውታል። በኋላ ስጠይቅዎ ሳያፍሩ ነግረውኛል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም፤ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው፣ እኔም ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ። ግን ሙቀት ያበጀው ቅርፅ በሙቀት ይፈርሳል። ስፖንጁ አብጦ፣ ተነፍቶ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ክብ ሆኖ ተመልሷል። ሮሐ እግሯን አስገባች። በትንሿ ጣቷ በኩል ያቺን ጎድጎድ ያለች ቦታ ስትፈልግ ፊቷ ላይ አየሁ። አወጣችው፣ እንደገና አስገባችው። ከዚያ ቀና ብላ «እማ፣ አባ እዚህ ውስጥ የለም። ማንም የለም እኮ» አለችኝ። ይህን ብላ እዚያው፣ ሰው ጓንት በሚመርጥበት ሱቅ ወለል ላይ፣ ያንን ሁሉ ወር የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ባለሱቁ የሚያደርገው ጠፍቶት በሩን ዘጋው። እኔም አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ፍራሽ የሚዘረጋልን አልነበረም።

እንግዲህ እንባ የላትም ብለው ለተጨነቁት እትዬ ውብነሽ የምሥራች ልበልዎ፤ ልጄ አልቅሳለች። አባቷ ኅዳር ላይ የሞተው ለእኔ ነው፤ ለእሷ የሞተው በዚያ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ያንን ሞት ያመጣችሁላት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ጫማው አሁን ከማሰሪያው ጋር ይስማማል፤ እንጨቱም ደህና ነው፤ ባለሱቁም ያለ ሥጋት ሂጂ ብሏታል። እሷ ግን «አሁንማ ስኪ ብቻ ነው» ብላ መኪናው ውስጥ ትታው ገባች። ተራራው ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ነው፤ አልወጣችም፤ የምትወጣም አይመስለኝም።

ካሣ አልጠይቃችሁም፤ ይቅርታም ቢሆን በጉባኤ ፊት እንድትሉ አልፈልግም፤ ታለቅሳላችሁና፣ ስታለቅሱ ደግሞ ማባበሉ ወደ እኔ ይዞራል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ የሌላ ሐዘንተኛ ቤት ስትገቡ እንደ ደንባችሁ ፍራሹን ዘርጉ፣ ወጡን ተሸከሙ፣ አጉርሱ፣ አልቅሱ፤ በዚህ ሁሉ ከእናንተ የሚበልጥ የለም። የሟቹ ጫማ ላይ ስትደርሱ ግን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ፣ ይህ ለናንተ ምንድን ነው ብላችሁ ሐዘንተኞቹን ጠይቁ። መልሱ ባይገባችሁም ጠይቁ።

ጉልበታችሁ ሳይደክም፣ እጃችሁ ሳይዝል፣ ልብስ ማጠቢያችሁም ሳይበላሽ ለብዙ ዘመን እንድታገለግሉ በፍጹም አክብሮት እየተመኘሁ፣ በቸርነታችሁ ሸክም አንገቴን የደፋሁ እህታችሁ፣

ሠናይት፣ የንጋቱ ባለቤት፣ የሮሐ እናት

ሳልረሳው፦ የእኔም ተራ መድረሱ አይቀርም፤ ያኔም ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። ቁም ሣጥኔን ባዶ ብታደርጉት አልቀየማችሁም፤ ቀሚሴን ብታሳጥሩት፣ ጫማዬን ብትቆርጡት፣ ለማን እንደሰጣችሁትም ብትደብቁ ይቅር ብያችኋለሁ። ብቻ አደራችሁን፣ ልጄ ሳታሸተው ምንም እንዳታጥቡ።